የመንገድ ሐቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመድረሳችን በር



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለወላጆቻችሁ አይደለም። ለእነሱ ከጁሙዓ በኋላ ተነግሯቸዋል፣ በቴሌግራም ተልኮላቸዋል፣ በበሩ ላይም በትልልቅ ፊደል ተለጥፎላቸዋል። የምጽፈው ለእናንተ ነው። እዚህ ተወልዳችሁ ወይም በሕፃንነታችሁ መጥታችሁ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን ሳትጨርሱ በኋላ ወንበር ተጭናችሁ ወደ ቁርኣን ትምህርት ለመጣችሁት። አሁን ብዙዎቻችሁ ከኋላ ወንበር ተነስታችሁ መሪው ጋ ደርሳችኋል። እዚህ ቨርጂኒያ 15 ዓመት ከ6 ወር የሞላው ልጅ የመለማመጃ ፈቃድ ያወጣል፤ በ16 ዓመት ከ3 ወሩ መንጃ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ታናናሾቻችሁን ወደ መድረሳ የምታመላልሱት እናንተ እየሆናችሁ ነው። እንግዲህ የፓርኪንጉ ጣጣም ወደ እናንተ መጥቷል ማለት ነው።

ኡስታዝ ስለ ፓርኪንግ ደግሞ ምን ይላል የሚለኝ አይጠፋም። እስኪ ታገሱኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ሊጀመር አስር ደቂቃ ሲቀረው በራችን ላይ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የተከራየነው ሕንፃ ያለው ማቆሚያ ለሚመጣው ቤተሰብ ግማሽ እንኳ አይበቃም። አንዱ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ፍሬቻ ሲበራ መንገዱ የእሱ የሆነ ይመስለዋል። ከኋላው ያለው ክላክሱን ይይዛል። አንዷ እናት ገና መብራቱ ላይ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ቀድማ አውርዳ ባዶ ቦታ ላይ አቁማ ቦታ ታስይዛለች። ሌላው የአካል ጉዳተኛ ቦታ ላይ ገብቶ «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ይላል። የዚያች የሁለት ደቂቃ ነገር! በዚህ ከተማ እንደ እሷ የተዋሸባት ጊዜ ያለች አይመስለኝም።

ባለፈው ጥር፣ በዚያ ብርድ፣ ሁለት አባቶች በአንድ ቦታ ተጣሉ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው በረመዷን ኢፍጣር ካለቀ በኋላ ምንጣፍ ጠቅልሎ፣ ሳህን አጥቦ መጨረሻ የሚወጣው ሰው ነው። ሌላው ሰው ሲሞትብን ለጀናዛው መጀመሪያ የሚደርስ ነው። ያን ቀን ግን ከመኪናቸው ወርደው ተጯጯሁ። ከዚያ ነገሩ ከፓርኪንግ ወጣና የየት አገር ሰው፣ የማን ዘር ወደሚል ሄደ። በአማርኛ ስለሆነ ማንም የማይሰማቸው መስሏቸዋል። የሚያልፈው ፈረንጅ አልሰማም፤ እውነት ነው። በሁለቱ መኪና የኋላ ወንበር የተቀመጡት ሁለት ልጆች ግን እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። ጁዝ ዐማን አብረው የጨረሱ፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚያርመው ልጆች ነበሩ። ዛሬ በክፍሌ ውስጥ አንዱ በር ጋ፣ አንዱ መስኮት ጋ ይቀመጣሉ። ምን ብዬ ላስታርቃቸው? እነሱ አልተጣሉም እኮ።

ከእናንተም አንዱ ቀርፆታል። ከዙህር ሶላት በፊት ቪዲዮው በየስልኩ ደርሶ ነበር። ለዚያ ልጅ አንድ ነገር ልበለው፤ ስሙን አውቃለሁ፣ አልጠራውም። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በዱንያም በአኺራም ነውሩን እንደሚሸፍንለት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ስልክህን ኪስህ ከትተህ መሀላቸው ብትገባ ኖሮ፣ ወይም ያ ባይሆንልህ ልጆቹን ይዘህ ወደ ውስጥ ብትገባ ኖሮ፣ ያ ቀን ለአንተ ሌላ ቀን ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችሁ ተምራችሁታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦቻቸውን መንገድ ላይ ከመቀመጥ አስጠነቀቋቸው። ሶሐቦቹም ሌላ አማራጭ እንደሌላቸው፣ ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ቦታ እሱ እንደሆነ ነገሯቸው። እሳቸውም እንግዲያው የግድ ከሆነ ለመንገዱ ሐቁን ስጡት አሏቸው። ሐቁ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁም ዘረዘሩላቸው፤ ዓይንን መስበር፣ ሰውን አዛ ከማድረግ መታቀብ፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል።

ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ከጥር በኋላ ግን ከዚያ በፊት ያላየሁትን አየሁበት። ሶሐቦቹ ያሉት ወላጆቻችን የሚሉትን ነው፤ ምን እናድርግ፣ ሌላ ቦታ የለንም! ረሱልም ችግራቸውን አልካዱም፣ ተነሱ ብለውም አላባረሯቸውም። ተቀበሏቸው። ነገር ግን ቦታ ማጣታቸው የመንገዱን ሐቅ አላነሳላቸውም። ቦታ የሌለው ሰው ቦታ ካለው ሰው ይልቅ ስለ መንገዱ ሐቅ እንዲያስብ ነው ያደረጉት። የእኛ ነገር ግን ተገልብጧል። ማቆሚያ ማጣታችንን ሁሉን የሚያስፈቅድ ፈትዋ አድርገነዋል።

መንገድ ላይ ብትጣሉ ስፋቱን ሰባት ክንድ አድርጉት የሚል ሐዲስም አለ፤ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ነው። ክንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰባት ክንድ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ይጠጋል። በዚህ አገር ትልቁ አውራ ጎዳና ላይ የአንድ መስመር ስፋት 12 ጫማ ነው፤ እሱም ከሦስት ሜትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ይህን ያልኩት ተአምር ነው ብላችሁ ለሰው እንድታሰራጩት አይደለም፤ እባካችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ተዉት። ዑለሞች ምክንያቱን በግልጽ አስቀምጠውታል፤ የተጫነ እንስሳ ገብቶ እንዲወጣ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ወሕይ የሚወርድላቸው ነብይ፣ የሁለት ሰዎችን የመንገድ ጠብ ቁጭ ብለው በክንድ ለኩት። ትንሽ ነገር ነው ብለው አላለፉትም።

ሐረር ጀጎልን ያየ ከእናንተ መሀል ይኖራል። ውስጥ ለውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማያልፍባቸው ናቸው። አንዱ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት፤ ሰላምታ ተለዋውጠው ይተላለፋሉ። እኛ እዚህ ከዚያ ሁሉ የሰፋ መንገድ ይዘን ነው የምንላተመው።

ልጇን ቦታ ላይ ስለምታቆመው እናት ደግሞ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ተከራክሮኛል። «ኡስታዝ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ሄዶ የተመለሰ ሰው ለቦታው ቅድሚያ አለው የሚል ሐዲስ አለ አይደል?» አለኝ። ማሻአላህ፣ ሐዲሱ አለ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ግን እሱ ቀድሞ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ መኪናው ገና ሦስት መብራት ለሚቀረው ሰው አይደለም። ከክርክሩ ሁሉ በፊት ደግሞ ወደ ኋላ እያዩ በሚነዱ ሰዎች መሀል የቆመ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን አለ።

ቁርኣን ስለምንቀራ እንቸኩላለን የሚሉም አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ ሲመለሱ ከኋላቸው ጩኸትና የግመል ድብደባ ሰሙ። ሰው ሁሉ በዒባዳ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ቸኩሏል። በአለንጋቸው እያመለከቱ እንዲረጋጉ አዘዟቸው፤ ጽድቅ በመፍጠን እንዳልሆነም ነገሯቸው። ይህን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል። የራሳቸውን ግመል ቀስዋእን ልጓሟን ከመሳባቸው የተነሳ ጭንቅላቷ ኮርቻውን ሊነካ ደርሶ እንደነበር ደግሞ ጃቢር (ረ.ዐ) ነግረውናል። መንገዱ ክፍት ሲሆንላቸው ግን ያፈጥኑ ነበር፤ እሱም ተዘግቧል። እዩት እንግዲህ፤ በሕዝብ መሀል ሲሆኑ ልጓም ይይዛሉ፣ ሲከፈት ይሄዳሉ። ኢቃማ ሲሰማ እንኳ ወደ ሶላት እንዳንሮጥ፣ በእርጋታ መጥተን ያገኘነውን እንድንሰግድ፣ ያመለጠንን እንድንሞላ ታዘናል። ለሶላት ካልተሮጠ ለቁርኣን ክፍል ክላክስ ይነፋል?

ስለ ቁጣም ሊባል የሚገባው አለ፤ የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ ታዟል። ችግሩ መኪና ውስጥ የሚቆጣ ሰው መጀመሪያውኑ ተቀምጧል! ስለዚህ ቢያንስ በሩን ከፍቶ አይውረድ።

እስካሁን ስለ ሌላ ሰው ነው ያወራሁት። አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምተዳደረው በሾፌርነት ነው። በዚያ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ኤርፖርት ስመላለስ አድሬ፣ ከመኪና ሳልወርድ ነው ወደ መድረሳ የመጣሁት። አርፍጃለሁ። ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነው። ቦታ የለም። ከሕንፃችን አጠገብ ያለውን የጎረቤታችንን ቤት ታውቁታላችሁ፤ አረንጓዴ በር ያለው። ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድ አፉ ላይ አቆምኩ። ሙሉ በሙሉ አልዘጋሁትም፣ ግማሹ ክፍት ነው አልኩ ለራሴ። ልጄን ይዤ ገባሁና «ቢስሚላህ» ብዬ ትምህርቴን ጀመርኩ።

ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሄዷል። የፓርኪንግ አስተናባሪው ልጅ በሩን አንኳኳና፣ አፍሮ፣ «ኡስታዝ፣ ግራጫዋ ቶዮታ የእርስዎ ናት?» አለኝ።

ስወጣ ሕመምተኞችን የሚያመላልስ ቫን መንገዱ መሀል ቆሟል። ሊፍቱን አውርዶ ሰው ለመጫን ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ በግማሹ መግባት አይችልም። ከኋላው አርፍደው የመጡ የእኛው ወላጆች ተሰልፈው ክላክስ ያደርጉበታል። ጎረቤታችን፣ አሮጊት ናቸው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም። መኪናዬን አነሳሁ። በመስኮት እጄን አውጥቼ «ሶሪ» አልኩ። አላዩኝም። ተመልሼ ገብቼ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ወላሂ፣ ቀጠልኩ።

ልጄ ከመስኮት ሁሉንም አይታለች። ወደ ቤት ስንመለስ ዝም ብላ ቆየችና «አባ፣ ሴትዮዋ የት ነበር የሚሄዱት?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ሐኪም ቤት ቢሆንስ?»

መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በመጽሐፋችን ተራው የደረሰው ስለ ኢማን ቅርንጫፎች የሚናገረው ሐዲስ ነበር። ከፍተኛው ላ ኢላሃ ኢለላህ ማለት እንደሆነ፣ ዝቅተኛው ደግሞ ከመንገድ ላይ አዛ የሚያደርግን ነገር ማንሳት እንደሆነ የሚናገረው። እሾሃማ ቅርንጫፍ ከመንገድ ያነሳው ሰው ምሕረት ማግኘቱንም አብሬ አስተምራለሁ። ያን ቀን ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያ ሰው ሌላ ሰው የጣለውን ነው ያነሳው፤ እኔ ራሴ አምጥቼ የጣልኩ ነኝ። የሆነውን ለልጆቹ ነገርኳቸው። አንዱ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣና «ለሴትዮዋ ነገሯቸው?» አለኝ።

ኢስቲግፋር አድርጌ ነበር፤ ያን ሳምንት በየሶላቴ። ነገር ግን የማስተምረውን አውቃለሁ። ተውበት ከጥፋቱ መውጣትን፣ መጸጸትንና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥን ይፈልጋል፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም አውፍ ማስባል። ሙፍሊስ ማለት ማን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሶላት፣ ጾምና ዘካ ተሸክሞ በቂያማ ቀን የሚመጣ፣ ግን አንዱን ሰድቦ፣ አንዱን መትቶ፣ የአንዱን ገንዘብ በልቶ የኖረ፣ መልካም ሥራው ለእነሱ ተከፋፍሎ ባዶውን የሚቀር። ባለሐቋ ሙስሊም አይደሉም የሚል ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በቤታቸው በግ ሲታረድ መጀመሪያ የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ ብለው ነው።

ከትምህርት በኋላ ከልጄ ጋር ሄድን። ባለቤቴ ተምር በሳህን አድርጋ ሰጥታን ነበር። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ለዚህ ግን አልበቃ አለኝ። «አውፍ በሉኝ»ን ምን ብዬ ልተርጉመው? «ሶሪ» በሱቅ ውስጥ ትከሻ ሲነካካም ይባላል። ልጄን ለመንኳት። እሷም ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለቻቸው፤ አባቴ መብትዎን ወስዶብዎታል፣ በእኛ እምነት አላህ ይህን ይቅር የሚለው እርስዎ ሲለቁለት ነው፣ ሊጠይቅዎት መጥቷል።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የሚሄዱበትን ነገሩን። ኩላሊታቸው አይሠራም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ አራት አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ተኝተው ደማቸው ይታጠባል። ከእሳቸው በኋላ በዚያው ወንበር ሌላ በሽተኛ አለ። ሲያረፍዱ የሚቀነሰው ከእሳቸው እጥበት ነው። ያን ቅዳሜ ተቀንሶባቸዋል፤ እስከ ማክሰኞ እግራቸው አብጦ ቆይቷል። መንገዱ የተዘጋባቸውም ያን ቀን ብቻ አይደለም። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ስልክ ቁጥር ጽፈው ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጥፈዋል፤ በጣታቸው አሳዩን። እስካሁን አልደወሉም። ቢደውሉ ኖሮ ይህ ሕንፃ ዛሬ የእኛ መሆኑን እንጃ።

ተምሩን አይተው ፈገግ አሉ። ለእሳቸው ክልክል ነው፤ ፖታሲየም ይበዛበታል፣ ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው አይሆንም። ሳህኑን ግን ተቀበሉ፤ ለቫኑ ሾፌር እሰጠዋለሁ አሉ።

የለመንኩትን አውፍታስ? «አስብበታለሁ» አሉ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።

በሰው ፊት ይቅር ተባልኩ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። አልተባልኩም። ባለሐቅ ናቸውና ማሰብ መብታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አቁሜ ዘጠኝ ደቂቃ በእግሬ እመጣለሁ።

እናንተን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አባታችሁ ወይም እናታችሁ እንደ እኔ ሲያደርጉ ነው። ዝም አትበሉ፤ ግን አነጋገሩን ከኢብራሂም (ዐ.ሰ) ውሰዱ። በሱረቱ መርየም ውስጥ ጣዖት የሚያመልክ አባታቸውን ሲመክሩ አራት ጊዜ «አባቴ ሆይ» እያሉ ነው። ጣዖት ለሚያመልክ አባት ይህ ከተባለ፣ ደክሞት ለቆመ አባትማ! ደግሞ ኋላ ማርሽ አስገብቶ ሲዞር አትናገሩት። ማታ፣ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ።

ሁለተኛው ሥራ ነው። ሴትዮዋ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ በዚህ አገር አቆጣጠር ከ9:30 እስከ 10 ሰዓት ደጃቸው ክፍት ይሁን፣ የቀረው ግድ የለኝም ብለዋል። መንጃ ፈቃድ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ አራት አራት ሆናችሁ 9:15 ላይ ድረሱ። ብርቱካናማዎቹ ሰደርያዎች ከጫማ መደርደሪያው በላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሁለታችሁ ደጃፋቸው ላይ ትቆማላችሁ፣ ሁለታችሁ ወላጆችን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ትመራላችሁ። የሚቆጣችሁ ይኖራል፤ ሰላምታ አቅርቡለትና መንገዱን አሳዩት። መጀመሪያው ቅዳሜ ተረኞች እነዚያ በር ጋና መስኮት ጋ የሚቀመጡት ሁለት ልጆች ናቸው። ሁለቱንም ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል፤ አብረው እንደሚቆሙ ግን ገና አልነገርኳቸውም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።